የጾሙ ጋን

በ2061 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በወልድያው የክትባት ጣቢያ በር ላይ ሠላሳ አንድ ሰዎች ተሰልፈዋል። እያንዳንዳቸው በወረቀት ከረጢት የተጠቀለለ ብልቃጥ ይዘዋል። ስለ ዝናቡ መዘግየት፣ ስለ ሽንኩርት መወደድ፣ ስለ ልጆች ፈተና ይወራል። ከረጢቱ ውስጥ ስላለው ነገር አይወራም።

ፋንታዬ ከሰልፉ ሰባተኛ ናት። አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሥራዋ ባቡር ላይ መቀመጥ ነው። ከወልድያ ኮምቦልቻ የሚመላለሰው ባቡር ራሱን በራሱ ይነዳል፤ ሕጉ ግን በፊተኛው ክፍል አንድ ሰው ይቀመጥ ይላል። ወንበሩ ክብደት ይለካል። የተቀመጠው ሰው ከተነሣ ባቡሩ ባለበት ይቆማል፤ ሦስት መቶ ተሳፋሪም ለምን ቆመ ብሎ ይጠይቃል። ጉዞው አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ነው። ፋንታዬ ወንበሩን ከያዘች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ባለፉት ሦስቱ ግን አንጀቷ እየተቆጣ፣ ደም እያመጣ፣ በቀን አሥር ጊዜ ያስነሣታል። ባለፈው ዓመት ባቡሩን መርሳ ላይ ሁለት ጊዜ፣ ውርጌሳ ላይ አንድ ጊዜ አቁማዋለች። ምክንያቱን ስትጠየቅ «የሐዲድ ምልክት» ብላ ሞልታለች።

እንደ ማንኛውም ቤት፣ የፋንታዬ ቤት መጸዳጃም በየማለዳው ዓይነ ምድርን ያነብባል። ደም ካለ፣ ብግነት ካለ ያያል፤ ውጤቱን ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ይልካል፤ በሩ ላይ ያለችው መብራት አረንጓዴ ወይም ቢጫ ትሆናለች። ቢጫ የበራለት ሰው ያን ቀን ባቡር ላይ አይቀመጥም፣ ረጅም ክሬን ላይ አይወጣም፣ ቀዶ ሕክምና አይሠራም። ልጆች ቁርስ ላይ «አባዬ፣ ዛሬ ምን በራልህ?» ይላሉ። መጸዳጃው ሰው የበላውን ግን አያነብም። ማንበብ ይችላል፤ የተከለከለው ካህናትና ሼኮች ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በአንድ ወረቀት ላይ ፈርመው ባስገቡት አቤቱታ ነው። ሰው የበላው በእሱና በፈጣሪው መካከል ይቆይ ተባለ።

ክትባቱ በሽታ እንዳይመጣ የሚሰጥ ዓይነት አይደለም። ለታመመ ሰው ነው የሚሰጠው። ገላ በገዛ አንጀቱ ውስጥ የሚኖሩትን ረቂቅ ተሐዋስያን እንደ ጠላት ማየቱን እንዲተው ያስተምረዋል። ከተማው «አስታራቂው» ይለዋል። አስታራቂ መጀመሪያ የተጣሉትን ማወቅ ስላለበት ከአርባ ሕመምተኞች የዓይነ ምድር ናሙና ይወሰድና አንድ ላይ ይዘጋጃል። አርባዎቹ ማኅበር ይባላሉ፤ የሚዘጋጅበት ዕቃ ጋን ይባላል። ክትባቱን የሚያዘጋጀው የአዲስ አበባ ማዕከል ለሁለቱም ረጃጅም ስሞች አሉት፤ የሚጠራቸው ግን የለም። ሆድ በጾምና በፍስክ አንድ ስላልሆነ ጋኑም ሁለት ነው። የፍስኩ ክትባት ቀይ ክዳን አለው፤ የጾሙ ነጭ ክዳን። ከአርባዎቹ ዘጠኙ ሙስሊሞች ናቸው፤ ረመዳን የሚለውጥባቸው የምግቡን ሰዓት እንጂ ዓይነቱን ስላልሆነ ቀዩ ብቻ ይበቃቸዋል። የፍስኩ ናሙና ጥር ላይ ተሰብስቧል። የዛሬው የጾሙ ነው።

የባቡር ድርጅቱ ደንብ አጭር ነው። ሠላሳ ቀን ቢጫ የበራለት ሰው ወንበሩን ለሌላ ይለቃል። የክትባት ማኅበር አባል ከሆነ ግን ማኅበሩ እስካለ ድረስ ወንበሩ ይጠበቅለታል። ፋንታዬ ማኅበሩ ውስጥ ስሟ የገባ ዕለት ደንቡን አራት ጊዜ አንብባዋለች።

ናሙና የሚቀበለው ኪሩቤል ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ማክሰኞ ነጭ ጋውን ለብሶ ከጠረጴዛው ኋላ ይቀመጣል። እሑድ ደግሞ በፋንታዬ አጥቢያ ዲያቆን ሆኖ ይቀድሳል።

«ደህና አደሩ፣ እትዬ ፋንታዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ጾም ወይስ ፍስክ?» አላት። መልሱ የሚመዘገበው በድምፅ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ጥቁር መሣሪያ አለች።

ፋንታዬ ያን ቀን ጠዋት አንድ ብርጭቆ እርጎ ጠጥታለች። ጾሙ ከገባ ጀምሮ በየቀኑ ትጠጣለች፤ በየሁለት ቀኑም አንድ የተቀቀለ እንቁላል ትበላለች። የንስሐ አባቷ «ልጄ፣ ለአንቺ መድኃኒት ነው» ብለው ፈቅደውላታል። ኃጢአት የለባትም። ነገር ግን ከኋላዋ እማማ ዘርትሁን ቆመዋል። እማማ ዘርትሁን በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ በአፋቸው የማይዞር፣ የሰፈሩ ሰው ስለ ጾም ሲሟገት ስማቸው የሚነሣ ሴት ናቸው። ከእሳቸው ኋላ ሃያ ሦስት ሰው አለ። ከጠረጴዛው ማዶ ደግሞ ዲያቆኑ አለ።

«ጾም» አለች።

«ጮክ ይበሉ፣ መሣሪያዋ አልሰማችም።»

«ጾም።»

መሣሪያዋ ጢጥ አለች። ኪሩቤል ብልቃጡ ላይ ነጭ ወረቀት ለጠፈ። «ይፍታዎት» ሊላት የቃጣው መሰላት፤ ያለው ግን «ቀጣይ» ነው።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ ባለ ቀይ ክዳኑ ደረሰ። አርባዎቹም መጡ። ፋንታዬ ጋሽ ይማም አጠገብ ተቀመጠች። ጋሽ ይማም ከዘጠኙ አንዱ ናቸው፤ ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና መካኒክ ናቸው። እጅጌያቸውን ሰብስበው፣

«እኔና አንጀቴ ዛሬ ልንታረቅ ነው። ጥፋቱ ግን የሷ እንደሆነ ይያዝልኝ» አሉ።

«እሷስ ምን ትላለች?» አለች ፋንታዬ።

«ሠላሳ ዓመት በናፍጣ እጁ ነው ያበላኝ ትላለች። የአንቺስ?»

«የእኔ አትናገርም። ብቻ ታስነሣኛለች።»

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን ጾም የለም፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። በእነዚያ ሃምሳ ቀናት ማኅበሩ ዳነ። በሁለተኛው ሳምንት የፋንታዬ መብራት አረንጓዴ ሆነ፤ በሦስተኛውም አረንጓዴ ሆነ። በቢጫው ምክንያት ለቃው ወደነበረው ወንበሯ ተመለሰች። መጀመሪያ ቀን እያንዳንዱን ጣቢያ በጭንቀት ቆጠረች። በአምስተኛው ቀን ከመርሳ በኋላ መቁጠሩን ረሳችው። የማንጎ ማሳዎቹን አየች፤ በሦስት ዓመት ውስጥ መተከላቸውን እንኳ ልብ አላለችም ነበር። ሐይቁ ከሩቅ ብልጭ ሲል «ለካ ከዚህም ይታያል» አለች፤ ለብቻዋ፣ ጮክ ብላ።

የሰኔ ጾም ሲደርስ ባለ ነጭ ክዳኑ ክትባት ተሰጠ። ፋንታዬ በዚያው ምሽት እርጎው ይቅርብኝ አለች።

«ሐኪም ጹሚ አላለሽ» አላት ባለቤቷ አራጋው።

«አትጹሚም አላለኝ።»

«የንስሐ አባትሽ ፈቅደውልሽ የለ?»

«ስታመም ነዋ የፈቀዱልኝ። አሁን ምኔን አሞኝ?»

አራጋው እርጎውን ወደ ቦታው መለሰው። ጾሟ ምስጋና መሆኑ ገብቶታል፤ በምስጋና ላይ ደግሞ ክርክር አይመችም።

በዘጠነኛው ቀን መብራቱ ቢጫ ሆነ። በአሥረኛው ደም መጣ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወንበሩን ከደሴ ለተላከ ልጅ አስረክባ ወጣች። ልጁ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ሲያስተካክል አየችው። ሳምንቱ ሳያልቅ በማኅበሩ ውስጥ ቢጫ የበራላቸው አሥራ አራት ደረሱ።

ደንቡ እንዲህ ነው፦ በአንድ ማኅበር አሥር ሰው አብሮ ከወደቀ ማዕከሉ ይመረምራል፤ ክትባቱ ለዚያ ከተማ አልሆነም ከተባለ ማኅበሩ ይፈርሳል፣ ተራውም ለሚቀጥለው ከተማ ይተላለፋል። ከወልድያ ቀጥሎ ሰባት መቶ ከተሞች ተራ ይጠብቃሉ። ማኅበሩ ከፈረሰ የፋንታዬ ወንበር የደሴው ልጅ ይሆናል፤ ከባቡር ድርጅቱ የመጣው ደብዳቤ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግሯታል።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ዶክተር ቤዛ ከማዕከሉ መጣች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ስትናገር ሰው ፊት አታይም፣ ወረቀቷን ነው የምታይ። አርባዎቹ በጣቢያው አዳራሽ ተቀመጡ።

«ጉዳዩ አጭር ነው» አለች። «ቀዩ ሠርቷል። ነጩ አልሠራም። የታመሙት አሥራ አራቱም በሰኔ የጾሙ ናቸው። ያልጾሙት አልታመሙም።»

«እኛም አልታመምንም» አሉ ጋሽ ይማም። «ዘጠኛችንም አረንጓዴ ነን። ሼካችን ሲሰሙ ተመስገን ብለዋል።»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ዶክተር ቤዛ አልሳቀችም።

«ነጩ የተዘጋጀው ከሠላሳ አንድ የጾም ናሙና ነው። ከጾም ሆድ ተዘጋጅቶ ለጾም ሆድ ካልሆነ፣ እዚህ ከተማ ሰው ላይ አይሠራም ማለት ነው። ሌላ ማብራሪያ የለኝም። እንድታፈርሱ ሳይሆን መፍረሱን እንድነግራችሁ ነው የተላኩት። ጥያቄ ያለው አለ?»

ፋንታዬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። አንድ ብርጭቆ እርጎ ጋን ያበላሻል ብላ አላሰበችም። ያሰበችው ሌላ ነው። ሴትየዋ ሠላሳ አንድ አለች፤ ሠላሳ አንዱ ትክክል አይደለም፤ ቢያንስ ሠላሳ ነው። ይህን በአዳራሹ ውስጥ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ኪሩቤል ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። እማማ ዘርትሁን ከፊቷ ተቀምጠዋል፤ የነጠላቸው ጥለት ይታያታል። ዶክተሯ ወረቀቷን መሰብሰብ ጀመረች።

«የእኔ የጾም አልነበረም» አለች ፋንታዬ።

አዳራሹ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ምን?» አለች ዶክተሯ።

«ናሙናው። ያን ቀን ጠዋት እርጎ ጠጥቼ ነው የመጣሁት። ጾሙን በሙሉ ስጠጣ ነበር። ጾም ያልኩት ውሸቴን ነው።»

ኪሩቤል ከግድግዳው ተነሣ። ዶክተር ቤዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት።

«ስለነገሩን አመሰግናለሁ። ግን አንድ ሰው ጋን አያበላሽም።»

«ዶክተር፣» አሉ ጋሽ ይማም፣ «አንድ ሰው ከሆነ ነው።»

«እንዴት?»

«በዐቢይ ጾሙ ወተት አጥቼ ነበር። ከሱቅ ሱቅ ዞሬ አለቀ ነው የሚሉኝ። ዘጠኝ ሙስሊም ይሄን ሁሉ ወተት አይጠጣ፣ ማን ጠጣው ስል ከረምኩ።»

ሳቅ ተነሣ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ሞተ፤ ምክንያቱም የሳቀው ሁሉም ሰው አልነበረም። ያልሳቁት መሬት መሬቱን ነበር የሚያዩት። እማማ ዘርትሁን ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እኔ እንቁላል ነው» አሉ።

ፊቶች ሁሉ ወደ እሳቸው ዞሩ።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ። አባ ፈቅደውልኛል። የፈቀዱልኝ ግን መብላቱን ነው፤ ሰልፍ ላይ ቆሜ መለፈፉን አይደለም።»

«እማማ፣ ለእኔ ለምን አልነገሩኝም?» አለ ኪሩቤል። ድምፁ ውስጥ ቅሬታ ነበር።

«ለአንተ? እሑድ መቅደስ ቆመህ ለምታየን?»

«እዚህ እኮ የጤና ባለሙያ ነኝ።»

«እዚያም ነጭ ነው የምትለብሰው፣ እዚህም ነጭ። በምን ልለይህ ልጄ?»

ዶክተር ቤዛ እጅ እንዲያወጡ ጠየቀች። ሁለት እጅ ወጣ፤ የፋንታዬና የእማማ ዘርትሁን። በወረቀት እንዲጽፉ ጠየቀች። ሰዎች ወረቀቱን በጉልበታቸው ላይ ይዘው የጎረቤታቸውን ብዕር እንቅስቃሴ ይጠባበቁ ጀመር። ጋሽ ይማም ይህን ሲያዩ ቆይተው ተነሡ።

«እኔ ልጠይቃቸው» አሉ።

«እርስዎ ባለሙያ አይደሉም።»

«አይደለሁም። ግን ለእኔ ቢናገሩ ምን ያሳፍራቸዋል? እኔ ራሴ ያኔ ቁርሴን እየበላሁ ነው የከረምኩ። ለሰበካ ጉባኤውም አልነግርባቸው። የሰበካው ሊቀ መንበር በሩ ላይ ቢያየኝ ምን አጠፋሁ ብሎ ነው የሚደነግጥ።»

ዶክተሯ ኪሩቤልን አየችው። ኪሩቤል ትንሽ አሰበና የዕቃ ማከማቻውን ክፍል ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ለጋሽ ይማም ሰጣቸው።

ሠላሳ አንዱ በየተራ ገብተው ወጡ። አንዳንዱ ደቂቃ አልፈጀበትም። አንድ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሩብ ሰዓት ቆይቶ ዓይኑን እየጠራረገ ወጣ። ጋሽ ይማም ስም አልጻፉም፤ መስመር ብቻ ነው ያሰመሩት። ከሠላሳ አንዱ አሥራ ዘጠኙ በዐቢይ ጾም እርጎ፣ እንቁላል፣ የአጥንት ሾርባ ወስደዋል። ሁሉም ማለት ይቻላል ተፈቅዶላቸዋል። ሁሉም ግን ጾም ብለዋል።

ዶክተር ቤዛ ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ አየች። «ስለዚህ ነጭ ክዳን የለበሰ የፍስክ ክትባት ነው የሰጠናችሁ» አለች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ያን ቀን ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነበር። «ማዕከሉን አንድ ዕድል ልጠይቅ እችላለሁ። ፍልሰታ ላይ አሥራ ሁለት እውነተኛ ናሙና ካመጣችሁ ጋኑ እንደገና ይዘጋጃል። ከአሥራ ሁለት በታች አይቀበልም። አሥር ቀን ሙሉ፣ ምንም ሳይቀላቀል።»

ፍልሰታ ነሐሴ አንድ ገባ። አሥራ አምስት ሰዎች እንጾማለን አሉ። ቀላል ነገር አልነበረም፤ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ያሳመማቸው ጾሙ ነው። የተቀቀለ ድንች፣ ለስላሳ ሩዝ፣ ተልባ ተፈቀደ። ሽምብራና በርበሬ ቀረ። ቢጫ የበራለት በዚያው ቀን እንዲያቆም ታዘዘ። በስድስተኛው ቀን ሁለት ሰዎች ቢጫ በራላቸው፤ በሰባተኛው አንድ። አሥራ ሁለት ቀሩ። ኪሩቤል ቁጥሩን በሰሌዳ ላይ ጽፎ በየማለዳው ያየው ነበር፤ እንዳይቀንስ የሚጠብቀው ይመስል።

ፋንታዬ ከአሥራ ሁለቱ አንዷ ናት። መብራቷ አረንጓዴ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ለአራጋው እህት ልጅ፣ ለአምስት ዓመቷ ሕፃን፣ እንቁላል ቀቀለች። ሕፃኗ ግማሹን ትታ ወደ ውጭ ሮጠች። ፋንታዬ ሳህኑን ልታነሣ ሄደች፤ ግማሹን ቆማ በላችው። ከዚያ ድስቱ ውስጥ የቀረውን ልጣ በላች። አላለቀሰችም። ጣቷን ጠረገችና ሳህኑን አጠበች። በአሥረኛውም ቀን አንድ በላች።

ነሐሴ አሥራ ሁለት ጠዋት ብልቃጧን በከረጢት ይዛ ወደ ጣቢያው ሄደች። ዶክተር ቤዛ አዳራሹ ውስጥ የማቀዝቀዣ ሣጥኑን ከፍታ ትጠብቃለች። ኪሩቤል ድምፅ የምትቀዳዋን መሣሪያ ወደ ማከማቻው ክፍል አዛውሯታል። መጠየቁ ለጋሽ ይማም በይፋ ተሰጥቷቸዋል፤ ደረታቸው ላይ «ጠያቂ» የሚል ካርድ አንጠልጥለዋል።

ፋንታዬ መጨረሻ ገባች። ክፍሉ የአልኮል ሽታ አለው። ጋሽ ይማም በሩ መዘጋቱን አረጋገጡ።

«ስንት ሞላ፣ ጋሽ ይማም?» አለቻቸው።

«አሥራ አንድ። አሥራ ሁለተኛዋ አንቺ ነሽ። በይ፣ ጾም ወይስ ፍስክ?»

ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አላስቀመጠችም። የደሴው ልጅ ወንበሩን ወደ ኋላ ሲገፋ ታያት። ጾም ብትል የሚያውቅ የለም። ጋኑ ይሞላል፤ ማኅበሩ ይድናል። አሥራ አንዱ እውነት ናቸው፣ አንድ ሰው ጋን አያበላሽም፤ ዶክተሯ ራሷ ብላለች። ባለፈውም ግን አሥራ ዘጠኙ እያንዳንዳቸው እንዲህ ብለው ነበር።

«ፍስክ» አለች።

ጋሽ ይማም መሣሪያዋን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «እየቀለድሽ ነው?»

«ሁለት ተኩል እንቁላል። በዘጠነኛውና በአሥረኛው ቀን።»

«ለምን?»

«ራበኝ።»

ጋሽ ይማም የተዘጋውን በር አዩ። ከዚያ መዳፋቸውን አነሡ፣ «ድገሚላት፣ አልሰማችም» አሉ። ፋንታዬ ደገመችላት። መሣሪያዋ ጢጥ አለች።

አብረው ወደ አዳራሹ ወጡ። ኪሩቤል ፊታቸውን ሲያይ ሰሌዳው ላይ የነበረውን ቁጥር በእጅጌው አጠፋው። ዶክተር ቤዛ ሣጥኑ ውስጥ ያሉትን ብልቃጦች እንደገና ቆጠረች።

«በአሥራ አንድ አይሆንም?» አሉ እማማ ዘርትሁን።

«አይሆንም፣ እማማ።»

«በሰው እጅ ነው የሚሠራው አይደል? ለምኚልን።»

«ከሰው ጋር ቢሆን እለምንላችሁ ነበር። ጋኑ ግን ካልሞላ አይነሣም።»

ፋንታዬ ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች። ጋሽ ይማም ቀደሟት።

«ዶክተር፣ ጋኑ ሃይማኖት ይጠይቃል?»

«አይጠይቅም። የተበላውን ነው የሚፈልገው።»

«እንግዲያው ለእኔም ብልቃጥ ስጡኝ።»

ሁሉም አዩአቸው። ጋሽ ይማም ካርዳቸውን ከአንገታቸው አወለቁ።

«ከነሐሴ አንድ ጀምሮ ሥጋ አልበላሁ፤ ቅቤ አልቀመስኩ፤ ወተትም አልጠጣሁ። ስትጾሙ በየቀኑ እየመጣሁ ደኅንነታችሁን ስጠይቅ እውላለሁ፤ ድንችና ተልባችሁን አያለሁ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ እንቁላል መጥበስ አፈርኩ። ምን ላድርግ፣ አፈርኩ። ባለቤቴን ዘይነባን ሐኪም ከለከለኝ ብያታለሁ። እስከ ዛሬ ድንቹን ለብቻ ነው የምትቀቅልልኝ።»

«አሥራ አንድ ቀን ሙሉ?» አለች ዶክተሯ።

«አሥራ አንድ ቀን ሙሉ። ሰላትም አልተዛነፈብኝ።»

እማማ ዘርትሁን ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ፤ ይሳቁ ያልቅሱ አይታወቅም ነበር። ዶክተር ቤዛ ሰዓቷን አየች። ናሙናውን የሚወስደው መኪና ስምንት ሰዓት ላይ ነው የሚነሣው። «ጊዜ አለን» አለች።

«እሳቸውን ማን ይጠይቃቸዋል?» አለ ኪሩቤል።

«አንተ ጠይቀኛ» አሉ ጋሽ ይማም። «አንተን ምን አፍራለሁ፤ የእኔ ዲያቆን አይደለህም።»

ሁለቱ ወደ ማከማቻው ገቡ። በሩ ተዘጋ። አዳራሹ ጸጥ ስላለ የኪሩቤል ጥያቄ በሩን አልፎ ተሰማ። መልሱም ተሰማ፤ ጋሽ ይማም በሞተር ጩኸት ለደነቆረ የመካኒክ ጆሮ በሚሆን ድምፅ ነው የመለሱት። መሣሪያዋ ጢጥ አለች። ከቀትር በኋላ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ዶክተር ቤዛ አሥራ ሁለተኛውን ብልቃጥ ሣጥኑ ውስጥ አስገብታ ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ የማዕከሉ መመሪያ ተሻሽሏል። ናሙና የሚቀበልና የሚጠይቅ ሰው አንድ አይሆንም፤ ጠያቂው ከተጠያቂው ሃይማኖትም ከአጥቢያውም እንዳይሆን ይመከራል። ምክንያቱ መመሪያው ላይ አልተጻፈም።

ባለ ነጭ ክዳኑ ኅዳር አሥር ቀን ወልድያ ደረሰ። የነቢያት ጾም ከአምስት ቀን በኋላ ገባ። ፋንታዬ በዘጠነኛው ቀን ጠዋት መጸዳጃው በር ላይ ቆማ አራጋውን ጠራችው፤ ብቻዋን ማየት አልፈለገችም። አረንጓዴ ነበር። በሃያኛውም ቀን አረንጓዴ ነበር። የደሴው ልጅ ወደ ደሴ ተመለሰ።

ታኅሣሥ ውስጥ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ባቡሩ ከኮምቦልቻ ሲመለስ ስሪንቃን አልፎ ቆመ። ፋንታዬ አልነበረችም ያቆመችው። ወደ ሁለት መቶ የሚሆኑ ግመሎች ሐዲዱን እየተሻገሩ ነበር፤ አንዷ መሐል ላይ ተኝታ አልነሣ ብላለች። ባለቤቶቹ ከበዋታል። አንዱ ይጎትታል፣ አንዱ ይለምናታል።

ሃያ ደቂቃ አለፈ። ሠላሳ አለፈ። ፀሐይ በመስታወቱ ገብታ ጉልበቷ ላይ ወደቀች። ምሳዋ ሽሮ ነበር፤ ሆዷ ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጧል። አርባኛው ደቂቃ ላይ ከተሳፋሪዎች ክፍል የሚደወለው ስልክ ጮኸ። አንድ ሰውዬ በብስጭት ድምፅ፣

«እመቤት፣ እስከ መቼ ነው እዚህ የምንቀመጠው?» አላት።

ፋንታዬ ግመሏን አየቻት። ግመሏ እያመነዠከች ነው።

«እንጃ» አለችው። «እኔ ግን አልቸኮልኩም።»